በመንገዱ ተራ የተጻፉ ስሞች

ይህን የምጽፈው አንድ ካህን ባልሠሩት ጥፋት ስለሚታሙ ነው። ካህኑ የእናቴ ወንድም ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። በላይ ጋይንት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባገለገሉበት ደብር ዙሪያ፣ ነገራቸው በተነሣ ቁጥር «የንስሐ ልጆቻቸውን የክርስትና ስም ያወጡት አባት» ይባላሉ። ስሞቹን ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አጎቴ ይህን እያወቁ ሞቱ፤ ለማንም አልተናገሩም፤ ያልተናገሩበትም ምክንያት ነበራቸው። እርሳቸውን ያሰረው እኔን ስለማያስረኝ እነሆ እናገራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የማንም ሰው ስም አይገኝም። የእኔንም አልጻፍሁም፤ ደብሩን የሚያውቅ ሁሉ የማን እኅት ልጅ እንደ ሆንሁ አያጣውምና።

በእኛ አገር ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ እናት የምታወጣለት፣ በትምህርት ቤት መዝገብ የሚሰፍር፣ በገበያ መካከል ጮኸው የሚጠሩት ስም ነው። ሁለተኛው ወንድ በተወለደ በአርባ፣ ሴት በተወለደች በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ ካህኑ የሚሰጠው ነው። ይኸኛው የጸሎት ስም ነው። ሰው ሲቆርብ ይነገራል፤ ሲሞት በፍትሐት ይነገራል፤ በእነዚህ መካከል ባለው ዕድሜ ግን ይሰወራል። የክርስትና ስምህን ያወቀ ጠላት መተት ሊያሠራብህ ይችላል ተብሎ ስለሚታመን ስሙን የሚያውቁት ወላጆች፣ ክርስትና ያነሣው ሰውና የንስሐ አባት ብቻ ናቸው። እኔ የራሴን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ልሄድ በተነሣሁ ዕለት ነው። እናቴ በሩን ዘጋች፤ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ በሹክሹክታ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ከዚያም «በቃ፣ አሁን ዋጠው» አለችኝ።

አጎቴ ስድሳ አንድ የንስሐ ልጆች ነበሯቸው። ኃጢአታቸውን የሚነግሯቸው፣ ሲታመሙ የሚያስጠሯቸው፣ ሲጣሉ ደጃቸው የሚመጡ ሰዎች ማለት ነው። የሁሉም የክርስትና ስም ዳሩ በእጅ ወዝ በጠቆረ አንድ ቡናማ ደብተር ተጽፎ፣ ከዳዊታቸው ጋር በአንድ የቆዳ ማኅደር ይቀመጥ ነበር። ስሞቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ አልነበረም፤ በዕድሜም በማዕረግም አልነበረም። የተደረደሩት በመንገዱ ተራ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲወጡ በመጀመሪያ የሚገኘው ቤት ነው። ከዚያ ኮሶው ይመጣል፤ ከኮሶው ወፍጮው፣ ከወፍጮው ወንዙ፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱ፣ ቋጥኙ፣ በመጨረሻም ከቋጥኙ በላይ ያሉት ጎጆዎች። በየስሙ ፊት ተራው በግዕዝ ቁጥር፣ ከየስሙ ኋላ ደግሞ የቤቱ ምልክት ይነበባል፦ «ከኮሶው ጎን»፣ «ከወፍጮው ማዶ»፣ «ከቋጥኙ በታች»። የዓለም ስማቸው አልተጻፈም፤ አጎቴን አያስፈልጋቸውም ነበር።

ጠዋት ሲጸልዩ ደብተሩን አይገልጡትም። ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን በሐሳባቸው ይሄዱታል፤ በየደጁ ቆም እያሉ የባለቤቱን ስም ያነሣሉ። ስም ቢጠፋባቸው ወደ ቀደመው ቤት ይመለሳሉ፤ ከዚያ ደጅ ላይ ሆነው ዙሪያውን ሲያዩ ቀጣዩ ይመጣላቸዋል። እንግዳ ወይም ሕመም ጸሎታቸውን ያቋረጠባቸው ቀን «ዛሬ ወንዙን አልተሻገርሁም» ይላሉ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ።

«እግርዎ ሳይረጥብ ውለው ደግሞ አልተሻገርሁም ይላሉ!»

«አንቺ ወንዝ የምታውቂው ልብስ የምታጥቢበትን ነው» ይሏቸዋል አጎቴ፣ ፈገግታቸውን በጢማቸው እየሸሸጉ።

ዓመታት ሲያልፉ ግን መንገዱ ራሱ ረዘመ። ወጣቶቹ ንፋስ መውጫ ገቡ፤ ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ ወረዱ፤ አዲስ አበባ የሄዱ፣ ባሕር የተሻገሩም ነበሩ። የሄደ ሰው የንስሐ አባቱን ይዞ ይሄዳል እንጂ አይለውጥም። በዚህ ምክንያት አጎቴ ስልክ ያዙ። የመጀመሪያው ስልካቸው አናቱ ላይ መብራት ያለው፣ የቁልፎቹ ቁጥር የተፋቀ ትንሽ ስልክ ነበር። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታቸው በላይ ባለው ጉብታ ስለ ነበር፣ እሑድ ከቅዳሴ ወጥተው እህል ከቀመሱ በኋላ በትራቸውን ይዘው ወደዚያ ይወጣሉ። ልጆቻቸውም ሰዓቱን ያውቁታል።

ያን ጊዜ እኔ ንፋስ መውጫ መምህር ነበርሁ። ከከተማው እስከ አጎቴ ቤት በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ ቅዳሜ ወጥቼ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። በጉብታው ላይ ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ አነብ ነበር። ከበታቻችን የገብሱ ማሳ እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ በመስከረም አረንጓዴ፣ በኅዳር ወርቅማ ነው። ስልኩ ሲጮህ አጎቴ ከተቀመጡበት ይነሡና ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ተቀምጠው ሲያነጋግሩ አንድም ቀን አላየሁም።

«አባቴ ይፍቱኝ» ትላለች ከሩቅ የምትመጣው ድምፅ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ጾሙ እንዴት ነው? ውኃው ተስማማሽ?»

ንግግሩ ሲያልቅ መስቀላቸውን አውጥተው ደዋዩ ወዳለበት አቅጣጫ ይባርካሉ፤ ከቆላ ለደወለ ወደ ምዕራብ፣ ከአዲስ አበባ ለደወለ ወደ ደቡብ ዞረው። ባሕር ማዶ ላሉት መጀመሪያ ጊዜ «በየት በኩል ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ጠቁሜአቸዋለሁ። ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ከዚያ ጉብታ እሑዶች የሚበልጥ ሰላም ግን በአንዱም ገጽ ላይ አላገኘሁም።

ከዕለታት አንድ ቀን ባሕር ማዶ የምትሠራ አንዲት የንስሐ ልጃቸው ገጹ መስተዋት የሆነ፣ በአማርኛ ፊደል የሚጽፍ ስልክ ላከችላቸው። አጎቴ ገና ያልበራውን ስልክ ተቀብለው ፊታቸውን አዩበትና «ጢሜ ይህን ያህል ነጥቷል?» አሉ። ስሞቹን ከደብተሩ ወደ ስልኩ የማዛወሩን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የተማርሁ ነኝና ስለ ጥንቃቄ ማስተማር ተገቢ መስሎኝ ነበር።

«ደብተሩ አደጋ አለው» አልኋቸው። «ያገኘው ሰው ሁሉ ያነበዋል። ስልኩ ግን ይቆለፋል።»

«ቁልፉን ማን ይይዘዋል?»

«እርስዎ ብቻ።»

«አንተስ?»

«እኔም አላውቀውም። ቁጥሩን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት።»

ባለቤታቸው ባቄላ እየለቀሙ ከወዲያ ሆነው ሰሙን። «እንግዲህ ስልኩም ሊያናዝዝ ነዋ! እኔስ ለርሱ አልናዘዝም፤ ወሬ ያበዛል።»

ሁለት ቀን ሙሉ ጻፍሁ። በቤቱ ውስጥ ከሦስታችን በቀር ሰው ባይኖርም አጎቴ ስሞቹን በጆሮዬ ነበር የሚነግሩኝ። በደብተሩ እንደ ነበረው እንዲሆን ስለ ፈለጉ ከፊት የግዕዙን ቁጥር፣ ቀጥሎ ስሙን፣ ከኋላ የቤቱን ምልክት እያስገባሁ በየስሙ ላይ ስልክ ቁጥሩን ጨመርሁ። ስልክ ለሌላቸው አረጋውያን የልጆቻቸውን ቁጥር ጻፍሁላቸው። ስድሳ አንዱም ከገቡ በኋላ አጎቴ ደብተሩን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አቃጠሉት፤ አመዱንም እግር እንዳይረግጠው ከአንድ ጥድ ሥር ቀበሩት። «ከዳዊቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሯል» አሉ።

ስልኩ ከመጣ ወዲህ የማይታወቁ ደዋዮች በዙ። አንድ እሑድ በጉብታው ላይ ሳለን ስልኩ ጮኸ፤ አጎቴ እንደ ልማዳቸው ተነሡ። ደዋዩ እየተቻኮለ ሲናገር ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት! የመኪና ዕጣ ወጥቶልዎታል!»

«መኪና? ምን ላድርገው ልጄ፣ የእኛ አገር ገደል ነው። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«አባባ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይልካሉ፣ ከዚያ…»

«የማን ልጅ ነህ አልሁህ? ንገረኝ፣ አባትህን ላውቀው እችላለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። አጎቴ ግን ወደየት ዞረው እንደሚባርኩት ስላላወቁ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። ቤት ስንመለስ ባለቤታቸው ነገሩን ሰምተው «ይቀበሉ ነበር እንጂ! በቅሎዋ እንደ ሆነ አርጅታለች» ብለው አሣቁን።

አጎቴን ያስጨነቋቸው አታላዮቹ አልነበሩም፤ ዝም የሚሉት ነበሩ። አንዳንዱ ይደውልና ሳይናገር ይዘጋል። ቁጥሩን የቀየረ የንስሐ ልጅ ይሆን፣ ተቸግሮ አፍሮ ይሆን እያሉ ሳምንቱን ሁሉ ያስባሉ። «ማን እንደ ደወለ የሚነግር ነገር የለም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ነበር። አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር «ያልመዘገብኸው ሰው ሲደውል ስሙን የሚያወጣ አፕ አለ» ብሎ አሳይቶኝ ነበር። በአጎቴ ስልክ ላይ ጫንሁት። መጽሐፍ ሳነብ የግርጌ ማስታወሻ እንኳ አልዘልም። ያን ዕለት ግን በእንግሊዝኛ እየመጣ «ፍቀድ» የሚለኝን ጥያቄ ሳላነብ አራት ጊዜ አከታትዬ ነካሁት።

ወራት አለፉ። የመኸሩ አዝመራ ተሰብስቦ ውቂያ በተጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን ሳለን የሒሳቡ መምህር ስልክ ጮኸ። ገጹን አየና ሣቀ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? አርባ አራተኛ… ወለተ… ከቋጥኙ በታች! ይኸ ስም ነው ወይስ ግጥም?»

ከ«ወለተ» ቀጥሎ ያለውንም ጮክ ብሎ አንብቦት ነበር፤ እኔ ግን እዚህ አልደግመውም። ስልኩን አነሣ። «ሃሎ! ኧረ አንቺ ነሽ እንዴ? ጤፉ ደረሰ?»

ደዋይዋን አውቃታለሁ። ከቋጥኙ በታች ተወልዳ አድጋ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ ንፋስ መውጫ እህል የምትነግድ የአጎቴ የንስሐ ልጅ ናት። ቁጥሯን መምህሩ አልመዘገበውም። በገጹ ላይ የወጣው ከነግዕዝ ቁጥሩ፣ ከነነጠላ ሰረዙ የእኔ ጽሑፍ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመተግበሪያውን ውል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ነገሩ አልተደበቀም፤ ተጽፏል። መተግበሪያውን የሚጭን ሰው በስልኩ ያለውን የስም መዝገብ ለሌሎቹ ተጠቃሚዎች ያካፍላል። የሌላውን ስም የሚያገኘው የራሱን ሰዎች ስም ሰጥቶ ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ስልኩን የያዘው ሰው ብቻ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን የሚጠይቅ የለም። ስለ ስድሳ አንድ ሰው እኔ ፈቅጄ ነበር፤ ለዚያውም በሰው ስልክ።

ቅዳሜ ሄድሁ። አጎቴ በአውድማው ላይ መንሽ ይዘው ገብስ ያነፍሱ ነበር። ሲያዩኝ አልሣቁም።

«ትናንት ያቺ ከቋጥኙ በታች ያለችው መጣች» አሉኝ።

የነገረቻቸውን ነገሩኝ። ሴትዮዋ ከሟች ባሏ ወንድም ጋር ስለ አንድ የገብስ ማሳ ክርክር ነበራት። ሰውየው የሚኖረው ስማዳ፣ ወገዳ ነው። ሽማግሌ ፊት ለመቅረብ ቀኑን ስትቀጥር ደጋግማ የምትደውለው ወደ ሰውየው ልጅ ስልክ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ስትደርስ ሰውየው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ በክርስትና ስሟ ሰላም አላት። እርሷም አንዲት ቃል ሳትናገር ተመልሳ ወጣች።

«‹አባቴ፣ ስሜን ለማን ሰጡብኝ?› አለችኝ» አሉ አጎቴ። «ወላጆቿ ሞተዋል፤ ክርስትና ያነሣቻት ሞታለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። በቅዳሴ መካከል ጮክ ብዬ ጠርቼው ይሆን? ሳላውቀው አፌ አውጥቶት ይሆን? እያልሁ ራሴን ስመረምር ነው ያደርሁት።»

«እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ» አልሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው።

መንሹን አስቀመጡ። «የርሷ ብቻ ነው?»

«የሁሉም።»

«ሁሉም ማለት ስንት?»

«ስድሳ አንድ።»

በሬዎቹ ገለባውን ይቅሙ ነበር። አጎቴ እጃቸውን አራግፈው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ።

«ተንበርከክ» አሉኝ።

በገለባው ላይ ተንበረከክሁ።

«አሁን እንደ ገና ንገረኝ።»

እንደ ገና ነገርኋቸው። ፈቱኝ። ቀኖናዬንም ሰጡኝ፦ ከመጀመሪያው ቤት ተነሥቼ፣ በመንገዱ ተራ፣ በየቤቱ በእግሬ ሄጄ፣ ስሙን ከወጣበት እንድፍቀው። በመጨረሻም «ይህ ከዚህ አይወጣም» አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ በማግሥቱ ነው። የሰማሁትን በንስሐ ሰማሁት ብለው፣ በገዛ አፋቸው ላይ ማኅተም አድርገው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ ልጆቻቸውን በግቢው ዋርካ ሥር አስቀመጧቸው። እርሳቸው ግን ቆሙ።

«ልጆቼ፣ የክርስትና ስማችሁ ከእኔ ቤት ወጥቷል» አሉ። «የወጣው በስልክ ነው። ለማን ለማን እንደ ደረሰ ልነግራችሁ አልችልም፤ አላውቀውምና። አደራ ሰጥታችሁኝ ነበር፤ አልጠበቅሁትም። ይቅር በሉኝ።»

«ማን አወጣው አባ?» አለ አንድ ገበሬ።

«ከእኔ ቤት ወጣ አልሁ።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ለሚስቶቻችን ያልነገርነውን አንቱ ለመስተዋት ነገሩት?»

ሰው ሣቀ፤ ሣቁም ወዲያው ደረቀ። አንዲት እናት «አሁን አባታችንን እንዲህ ይሏቸዋል? ያፍሩ!» ብለው ሽማግሌውን ገሠጹ፤ ነገር ግን ሲነሡ እርሳቸውም መስቀል ሳይሳለሙ ሄዱ። እኔ በአጥሩ በኩል ቆሜ ነበር። መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም።

ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እህል ነጋዴዋ ወደ ቤት መጣች። በእኛ ልማድ የንስሐ አባቱን የሚለውጥ ሰው ፊት ለፊት ቀርቦ መሰናበት አለበት፤ ከወጡት ሁሉ ይህን ያደረገች እርሷ ብቻ ናት።

«አባቴ፣ ያሰናብቱኝ።»

«መሬቱን ተውሽው?»

«ስሜን ከያዘ ሰው ጋር በመሬት አልከራከርም። ያሰናብቱኝ፤ ስሜንም ይርሱልኝ።»

«መርሳቱን አልችልም ልጄ። ማሰናበቱን ግን አሰናብቼሻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

መስቀሉን ተሳለመች። በበሩ ስታልፍ እኔን አየችኝና እንደ ወትሮው ደኅንነቴን ጠየቀችኝ። እኔ መተት የሚባለውን አላምንበትም። ይህ ግን ምንም አያቃልልልኝም፤ የወጣው ስም የእኔ አልነበረምና።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ቀኖናዬን ፈጸምሁ። መተግበሪያውንና ስሞቹን ከአጎቴ ስልክ ያጠፋሁት በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ከሌሎች ስልክ ግን አልጠፉም። ለማስፋቅ እያንዳንዱ ባለ ቁጥር በራሱ ስልክ መጠየቅ፣ በመልእክት የሚላክለትንም ቁጥር መልሶ ማስገባት ነበረበት። ይህም ኔትወርክ ይፈልጋልና ሰዎቹን ከየቤታቸው ጠርቼ ወደ ጉብታው አወጣቸው ነበር። መንገዱን በተራው በእግሬ ስሄደው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ኮሶውን፣ ወፍጮውን፣ ወንዙን፣ ቋጥኙን በየቦታቸው አገኘኋቸው፤ አንዱም ከደብተሩ ተራ አልተዛነፈም። ከመንደሩ ርቀው ያሉትን በስልክ ለመንኋቸው።

አንዳንዱ ከደጁ መለሰኝ። «አንድ ጊዜ ሰጥተን ያየነው ይበቃናል! ደግሞ ስልኬን ልስጥህ?» አንዳንዱ ደግሞ አብሮኝ ወጣ። ከወፍጮው ማዶ ያሉት አሮጊት፣ የልጃቸውን ስልክ ይዘው ዳገቱን እያለከለኩ ወጥተው፣ ሲጨርሱ እጄን ሳሙኝ።

«ተባረክ ልጄ። የአጎትህን ጥፋት ልታቀና ስትለፋ አየሁህ።»

«አሜን» አልሁ።

ከዚያ በኋላ የንስሐ ልጆቹ በየምክንያቱ ወደ አጎራባች ደብር ካህናት ሄዱ። አጎቴ አሮጌውን ስልክ እንደ ገና አወጡት። እሑድ እሑድ ወደ ጉብታው መውጣታቸውን አላቆሙም፤ ስልኩ ግን አልፎ አልፎ እንጂ አይጮህም። እኔም እንደ ቀድሞው መጽሐፍ ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ አንድ ገጽ ሳልገልጥ የማመሽበት ቀን ነበር። ጠዋት ሲጸልዩ የሚሄዱት መንገድ ግን አላጠረም። ባለቤታቸው አንድ ቀን ጠየቋቸው።

«የሄዱትንም ይቆጥሯቸዋል?»

«እነርሱ ሄዱ እንጂ ቤቱ ከመንገዱ ላይ ተነሣ?»

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። በሁለተኛው ክረምት ታመው ተኙ። አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ ከመደቡ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ዓይናቸው ተከድኗል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድንገት ከንፈራቸው ቆመና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንዙን ተሻግሬ ነበር» አሉ። «ከቋጥኙ በታች ያለችው ማን ነበረች?»

ደብተሩ ተቃጥሏል፤ ስልኩ ተፍቋል። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኋቸው።

«አዎን፣ እርሷ ናት።» ጥቂት ቆዩና «ቀጥሎስ?» አሉኝ።

አላወቅሁትም። ስድሳ አንዱንም በገዛ እጄ ጽፌአቸዋለሁ፤ በልቤ የያዝሁት ግን አንዱን ብቻ ነበር፤ እርሱንም የስሙን ባለቤት ስለ በደልኋት ነው። አጎቴ እንደ ልማዳቸው ወደ ቀደመው ቤት ተመለሱ፤ ደጁም ላይ ብዙ ጠበቁ።

«ነገ እቀጥላለሁ» አሉ።

በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

የነበሩት ስሞች ስድሳ አንድ።

የተፋቁት አሥራ ዘጠኝ።

በማናውቀው ሰው ስልክ የቀሩት አርባ ሁለት።

ሌላ አባት የያዙት የንስሐ ልጆች ሠላሳ አራት።

ያለ ክርክር የተተወ የገብስ ማሳ አንድ።

የተቃጠለ ደብተር አንድ።